የታወቀ መድኃኒት ላልታሰበለት በሽታ

ዶክሲሳይክሊን በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ርካሽ አንቲባዮቲክ ነው። ገበያ ላይ ከዋለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዘመዱ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ከእሱም ይቀድማል። ሐኪሞች ለተስቦ፣ ለብሩሴሎሲስ፣ ለአንዳንድ የሳንባና የአባላዘር ሕመሞች ያዙታል። እነዚህ ሁሉ የሚመጡት በባክቴሪያ ነው፤ አንቲባዮቲክም ሥራው ባክቴሪያን መግደል ወይም እንዳይራባ ማድረግ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ግር የሚያሰኘው ቀጥሎ ያለው ነው። ይኸው ካፕሱል ከሰው ቆዳ ሥር ተጠቅልሎ ከ10 ዓመት በላይ የሚኖርን፣ እስከ ግማሽ ሜትር የሚረዝምን ትል ያመክናል፤ ቀስ እያለም ይገድለዋል። ወባንም ይከላከላል። ሌላ ዕድሜ ጠገብ አንቲባዮቲክ ደግሞ የካላዛር ሕሙማንን ከሞት ያድናል። ትሉም፣ የወባው ተሕዋሲም፣ የካላዛሩም ባክቴሪያ አይደሉም። ታዲያ የባክቴሪያ መድኃኒት እነሱን እንዴት አገኛቸው?

ለመመለስ መጀመሪያ አንቲባዮቲክ የቱን እንደሚመታ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕይወት ያለው ሕዋስ ሁሉ ፕሮቲን ይሠራል፤ ፕሮቲን የሚሠራበት እጅግ ጥቃቅን አካል ሪቦዞም ይባላል። የባክቴሪያና የሰው ሪቦዞም ሥራቸው አንድ ቢሆንም አሠራራቸው ይለያያል። ዶክሲሳይክሊን የባክቴሪያውን ሪቦዞም ይዞ ሥራ ሲያስፈታ የታማሚውን እምብዛም የማይነካው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ትል ግን በዚህ ረገድ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ጡንቻ አለው፣ አንጀት አለው፣ ነርቭ አለው፤ ሪቦዞሙም የእኛን ይመስላል። ስለዚህ ትሉን የሚጎዳ ነገር ሰውየውንም እንዳይጎዳ ያሰጋል። በሐሩር አካባቢ በሚገኙ በጥገኛ ተሕዋስያን ለሚመጡ በሽታዎች መድኃኒት የጠፋው አንድም በዚህ፣ አንድም ታማሚዎቹ ድሆች ስለሆኑ ኩባንያዎች ገንዘባቸውን ስለማያወጡበት ነው። አዲስ መድኃኒት ከባዶ ተነሥቶ መሥራት ረጅም ዓመታትና ከፍተኛ ገንዘብ ይበላል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ወስዶት ጠባዩ የታወቀን መድኃኒት ለሌላ በሽታ መፈተሽ ደግሞ አቋራጭ ነው፤ ቢያንስ አቋራጭ ይመስላል።

ከትሉ እንነሣ። ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለው በሽታ ፈጣን ወንዝ ዳር በምትራባ ትንሽ ጥቁር ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል። በአገራችን በከፋ፣ በሸካ፣ በጅማ፣ በኢሉባቦር፣ በወለጋ፣ በመተከልና በመተማ በኩል ይታወቃል። በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ሰው ዓይኑን ያጣበት ሲሆን በእኛ አገር በይበልጥ የሚታወቀው ፋታ በማይሰጥ ማሳከክና በቆዳ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። ዝንቧ ያስገባችው እጭ በሰው ሰውነት ውስጥ አድጎ ትል ይሆናል። ሴቶቹ ትሎች ከቆዳ ሥር ጓጓላ ውስጥ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፤ አንዷ በቀን 1,000 ያህል ማይክሮፊላሪያ የሚባሉ ልጆች ትለቃለች። ማሳከኩን፣ የቆዳውን መጎዳትና የዓይኑን መታወር የሚያመጡት እናቲቱ ሳትሆን እነዚህ ቆዳና ዓይን ውስጥ እየተርመሰመሱ የሚሞቱ ልጆች ናቸው።

ሜክቲዛን በሚል ስም የምናውቀው አይቨርሜክቲን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በ1987 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አምራቹ ሜርክ መድኃኒቱን በነፃ ለመስጠት ቃል ከገባ ጀምሮ ለአፍሪካ ገጠሮች ታላቅ ውለታ ውሏል። እሱ ራሱ ከጃፓን አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የተቀመመና መጀመሪያ ለእንስሳት የዋለ ነው፤ ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ነገር ግን አይቨርሜክቲን ልጆቹን ጠራርጎ እናቲቱን ለጥቂት ወራት ከመውለድ ቢያዘገያትም አይገድላትም። ከወራት በኋላ መውለዷን ትቀጥላለች። ዕደላው በየዓመቱ ወይም በዓመት ሁለቴ፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት መደጋገም ያለበት ለዚህ ነው። ሁሉም ሰው የሚመኘው እናቲቱን የሚያስወግድ፣ ሰውየውን ግን የማይጎዳ መድኃኒት ነበር።

መልሱ የመጣው ትሏን በመምታት አልነበረም። በ1924 ማርሻል ሄርቲግና በርት ዎልባክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በወባ ትንኝ ዘመድ በሆነች ተራ ትንኝ ሕዋስ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አይተው ነበር። ኋላ ዎልባኪያ ተባለ። ለብዙ ዓመታት የነፍሳት አጥኚዎች ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በ1970ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ትሎችን የሚመረምሩ ሰዎች በትሎቹ ሕዋስ ውስጥ ባክቴሪያ የሚመስሉ ነገሮች እንዳሉ ጻፉ፤ ያኔም ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ምንነታቸው የተለየው በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ በዘረመል ምርመራ ነው፤ ዎልባኪያ ሆነው ተገኙ። ትሏ በውስጧ ባክቴሪያ ታኖራለች ማለት ነው። ባክቴሪያው ከእናት ወደ ልጅ በእንቁላል ይተላለፋል፤ ትሏ ራሷ የማትሠራቸውን አንዳንድ ንጥረ ነገሮች እንደሚያቀብላትም ይታሰባል። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ እጅግ ረጅም ዘመን ስላለፋቸው አንዱ ያለ ሌላው መኖር ተስኖታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ባክቴሪያውን ብንገድልስ? በወቅቱ በሃምቡርግ በርናርድ ኖኽት ተቋም ይሠሩ የነበሩት ጀርመናዊው አኪም ሆራውፍና ባልደረቦቻቸው በ1999 ያሳተሙት የቤተ ሙከራ ጥናት የማሰብ ሥርዓቱ ስለሚያምር ቆም ብለን ብናየው ይጠቅማል። በአይጥ መሰል እንስሳት ላይ የሚኖር ዎልባኪያ ያለበት ትል ወሰዱ፤ እንስሳቱን ቴትራሳይክሊን ሲሰጧቸው ትሎቹ ቀጨጩ፣ መከኑ። እዚህ ላይ ችኩል ሰው «ይኸው ቴትራሳይክሊን ትል ይገድላል» ብሎ ይደመድማል። ተመራማሪዎቹ ግን መድኃኒቱ ትሉን በቀጥታ መርዞት ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ነበር። ስለዚህ ፊላሪያ ከሚባለው ከዚሁ የትል ወገን ሆኖ በተፈጥሮው ዎልባኪያ የሌለበት ሌላ ትል መርጠው ያንኑ መድኃኒት ሰጡ። ያ ትል ምንም አልሆነም። ዎልባኪያን የማይነካ ሌላ ዓይነት አንቲባዮቲክም ሰጥተው የተለየ ነገር አላዩም። መድኃኒቱ ትሉን ሳይሆን በትሉ ውስጥ ያለውን እንደመታ ያረጋገጠው ምንም ያልሆነው ትል ነው። በሙከራ ዓለም ምንም አለመሆን ብዙ ጊዜ ትልቅ ነገር ይናገራል።

ከእንስሳ ወደ ሰው ሲኬድ ቦታው ጋና ሆነ። ዶክሲሳይክሊን በቀን 100 ሚሊግራም ለ6 ሳምንት የተሰጣቸው የኦንኮሰርኪያሲስ ታማሚዎች ውጤት በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቅበትን መንገድ በቅርበት ማየት ደስ ይላል። አንደኛው ምርመራ የቆዳ ነው። ባለሙያው ከታማሚው ዳሌ አጥንት አካባቢ፣ ደም እስከማያወጣ ድረስ ብቻ፣ እንደ ስንጥር የቀጠነች የቆዳ ቅንጣት ይወስዳል። ቅንጣቷን በጨው ውሃ ውስጥ ያስቀምጣታል። ሰዓታት ሲያልፉ ማይክሮፊላሪያዎቹ ከቆዳው እየወጡ በውሃው ውስጥ ይዋኛሉ፤ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ልጆቹ ጠፍተዋል።

ሁለተኛው ምርመራ ጓጓላውን ይመለከታል። ቆዳው በማደንዘዣ ደንዝዞ ጓጓላው ይወጣል፤ በስሱ እየተከተፈ መስታወት ላይ ይደረግና ዎልባኪያን ለይቶ በሚያቀላ ማቅለሚያ ይነከራል። መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ትል ላይ ባክቴሪያዎቹ በቆዳዋ ሥርና በማሕፀኗ ግድግዳ እንደ ብናኝ ተበትነው ይታያሉ፤ ማሕፀኗም በተለያየ የዕድገት ደረጃ ባሉ ጽንሶች፣ ከድብልብል ሕዋስ አንሥቶ እስከ ተጠቀለሉ ትናንሽ ትሎች ድረስ የተሞላ ነው። ዶክሲሳይክሊን የወሰደው ሰው ትል ላይ ቀዩ ብናኝ የለም። ማሕፀኗ ባዶ ነው፣ ወይም የተበላሹ ጽንሶች ቅሪት ብቻ ይዟል። መርማሪው መስታወቱ የማን እንደሆነ፣ መድኃኒቱን ማን እንደወሰደ፣ ማን እንዳልወሰደ ሳይነገረው እንዲያነብ ይደረጋል፤ አለዚያ ዓይን የፈለገውን ያያል።

በቀጣዮቹ ጥናቶች መጠኑ በቀን 200 ሚሊግራም ሲደረግ ትሎቹ መምከናቸው ብቻ ሳይሆን በ2 ዓመት ገደማ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴት ትሎች ሞቱ። ውጤቱ የዘገየ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት። መድኃኒቱ ሲያልቅ በታማሚው ቆዳ ውስጥ የነበሩት ልጆች አሁንም አሉ፤ እነሱ ከ1 እስከ 2 ዓመት ኖረው በራሳቸው ጊዜ ያልቃሉ። ማሳከኩ በ6ኛው ሳምንት ማግስት እልም አይልም። ዝግታው ግን በረከትም አለው። ብዙ ትል ባንድ ጊዜ ሲሞት ሰውነት በኃይል ይቆጣል፤ እንዲያውም በዓይን ላይ ለሚነሣው ቁጣ ትልቁ ምክንያት ከሚሞተው ትል የሚፈሰው ዎልባኪያ መሆኑ ታውቋል። ባክቴሪያው አስቀድሞ ከጠፋና ትሉ በዝግታ ከሞተ ሰውየው ሳይታወቀው ነገሩ ያልፋል። በዝሆኔ ትል ላይም በታንዛኒያ የተደረገው ሙከራ በ2005 ሲታተም ተመሳሳይ ነገር አሳየ፤ ዶክሲሳይክሊን ለ8 ሳምንት ከተሰጠ በኋላ አብዛኞቹ ትሎች ሞቱ።

ይህ ሁሉ ድካም አይቨርሜክቲን እያለ ለምን? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንዱ መልስ ያለው በካሜሩንና በአካባቢዋ ደን ውስጥ ነው። እዚያ ሎዋ ሎዋ የሚባል ሌላ ትል አለ። በደሙ ውስጥ የሎዋ ልጆች እጅግ የበዙበት ሰው አይቨርሜክቲን ሲወስድ ልጆቹ ባንድ ጊዜ ሞተው አንጎሉን ሊጎዱትና ሊገድሉት ይችላሉ። ዕድል ሆኖ ሎዋ ሎዋ ዎልባኪያ የለውም፤ ስለዚህ ዶክሲሳይክሊን የኦንኮሰርኪያሲሱን ትል ሲያመክን ሎዋን አይነካውም፣ ሰውየውም አደጋ ላይ አይወድቅም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ምንም ያልሆነው ትል ያስተማረው ትምህርት እዚህ ሕይወት አዳነ። «6 ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ክኒን የሚውጥ የገጠር ሰው የት ይገኛል?» ይሉ የነበሩም መልስ አገኙ። በካሜሩን የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው የመረጧቸው አዳዮች መድኃኒቱን ሲያከፋፍሉ ከ12,000 በላይ ሰዎች ጀመሩት፤ ከጀመሩት ውስጥ 97.5 በመቶው ሥርዓቱን ጠብቀው ወሰዱት። ገጠሬ መድኃኒት አይጨርስም የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ ማስረጃ የሌለው ንቀት ነው።

ያም ሆኖ ዶክሲሳይክሊን ለሕዝብ ሁሉ የሚታደል መድኃኒት አይሆንም። ነፍሰ ጡሮች አይወስዱትም፤ ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችም ጥርሳቸውን ስለሚያበላሽ አይሰጣቸውም። በአንድ መንደር ውስጥ እነዚህን ብናወጣ ስንት ሰው ይቀራል? በዚያ ላይ አንቲባዮቲክን በሰፊው ለሳምንታት መስጠት ሌሎች ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል የሚለው ሥጋት ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሎዋ ሎዋ ስለሌለም ዋነኛው ምክንያት እዚህ አይሠራም። እዚህ የተመረጠው መንገድ አይቨርሜክቲንን በዓመት ሁለቴ ማደል ሆኗል፤ በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድም እሱ ነው። ዶክሲሳይክሊን የሚስማማው ከዝንቧ አካባቢ ወጥቶ ዳግም ለማይነከስ ሰው ነው። ለምሳሌ ከቋራ ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ ሐኪሞች ኦንኮሰርኪያሲስ ማግኘታቸውን በ2003 ጽፈዋል። እስራኤል ውስጥ ትሉን የምታስተላልፍ ዝንብ የለችም። እንዲህ ያለ ሰው እናቲቱ ትል ከሞተችለት ለዘለቄታው ይገላገላል፤ በዓመት ሁለቴ እየታከመ 10 ዓመት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

6 ሳምንቱን ወደ 1 ሳምንት ማውረድ ይቻል እንደሆነ ለመፈለግ በ2007 በሊቨርፑል የሐሩር ሕክምና ትምህርት ቤት መሪነት አንድ የምርምር ኅብረት ተቋቋመ። ከ2,600 በላይ ለሰው የተፈቀዱ መድኃኒቶችን በዎልባኪያ በተያዙ የትንኝ ሕዋሶች ላይ አንድ በአንድ ፈተኑ። ሚኖሳይክሊን ከዶክሲሳይክሊን እንደሚበረታ፣ ለሳንባ ነቀርሳ የምናውቀው ሪፋምፒሲንም መጠኑ ከፍ ሲል ጊዜውን እንደሚያሳጥር በእንስሳት ላይ አሳዩ። ለእንስሳት ከሚሰጠው ታይሎሲን ተነሥተው ያሻሻሉት ሞለኪውልም እስከ ሰው ሙከራ ደረሰ።

ወባ ላይ ያለው ታሪክ የዚህ ቅርብ ዘመድ ነው። የወባ ተሕዋሲ ባክቴሪያ አያኖርም፤ ግን የጥንት ቅሪት ይዟል። አያት ቅድመ አያቱ ዋቅላሚ መሰል ሕዋስ ውጦ ኖሮ፣ የዚያ ቅሪት አፒኮፕላስት የሚባል ትንሽ አካል ሆኖ ዛሬም አለ፤ በ1996 ምንነቱ ታወቀ። አፒኮፕላስት የባክቴሪያ ዓይነት ሪቦዞም ስላለው ዶክሲሳይክሊን ይይዘዋል። የሚገርመው መድኃኒቱ የነካው ተሕዋሲ ወዲያው አለመሞቱ ነው፤ ይራባል፤ የሚሞቱት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት ለሚያንቀጠቅጠው ሰው ዶክሲሳይክሊን ብቻውን አይበቃም፤ ከኩዊኒን ጋር ይሰጣል። ለመከላከያ ግን ይሆናል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ወደ አገር ቤት ዝቅተኛ ቦታ የሚመጡ ብዙ ወገኖች ሐኪሞቻቸው የሚያዙላቸው እሱን ነው፤ ከተመለሱም በኋላ 4 ሳምንት መቀጠል አለባቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «አሁንማ ቤቴ ገብቻለሁ» ብሎ ሲያቋርጠው ነው። ፋንሲዳርንም እናስታውስ፤ በውስጡ ያለው ሰልፋዶክሲን ከጥንቶቹ የባክቴሪያ መድኃኒቶች ከሰልፋ ወገን ነው። በ1998 የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ረድፍ የወባ መድኃኒት ሆኖ ነበር፤ ተሕዋሲው ስለተላመደው በ2004 በኮአርተም ተተካ። አዚትሮማይሲንም ከክሎሮኪን ጋር ተቀላቅሎ ነፍሰ ጡሮችን ከወባ ይጠብቅ እንደሆነ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ተሞክሮ ከነበረው የተሻለ ሆኖ ስላልተገኘ ሙከራው ቆሟል። በወረቀት ላይ ያማረ ሁሉ አይሠራም።

ይህን ከየትኛውም በላይ የሚያሳየው ካላዛር ነው፤ ጉዳዩም የራሳችን ነው። ካላዛር ከሌላ ትንሽ ዝንብ ንክሻ ይመጣል፤ ጉበትንና ጣፊያን ያሳብጣል፣ ደም ያሳንሳል፣ ካልታከመ ይገድላል። በኢትዮጵያ ሁመራና መተማ ሰሊጥ ሊያጭዱ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ዋነኛ በሽታ ነው። በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረርሽኝ ሲነሣ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። ለረጅም ዘመን የነበረው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ለ30 ቀን በየቀኑ መወጋት ነበር፤ ልብንና ጣፊያ ጎን ያለውን ቆሽት ስለሚመርዝ ደካማ በሽተኛን ራሱ ሊገድል ይችላል።

ፓሮሞማይሲን በ1950ዎቹ የተገኘ አንቲባዮቲክ ነው። እዚህ በተሕዋሲው ውስጥ የተሸሸገ ባክቴሪያ የለም፤ የካላዛር ተሕዋሲ የሆነው የሊሽማኒያ የራሱ ሪቦዞም ይህ መድኃኒት የሚይዝበት ቅርጽ ስላለው ነው የሚሠራው። በካላዛር ተሕዋሲ ላይ እንደሚሠራ በ1960ዎቹ ቢታወቅም ገበያ የለውም ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ተቀመጠ። በመጨረሻ ትርፍ የማይፈልግ ድርጅት ሕንድ ቢሃር ውስጥ 667 ታማሚዎች በተሳተፉበት ጥናት ፈተነው፤ ለ21 ቀን በጡንቻ ከተወጉት ውስጥ 94.6 በመቶው ዳኑ። ሕንድ በ2006 ፈቀደችው፤ ጥናቱ በ2007 ታተመ።

እንግዲህ አቋራጩን መንገድ የሚፈልግ ሰው «ሕንድ ውስጥ ተረጋግጧል፤ ተሕዋሲውም አንድ ዓይነት ነው፤ እዚህም እንጀምር» ይላል። በምሥራቅ አፍሪካ ያሉ ሐኪሞች ግን አላሉም። ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት ለማግኘት በ2003 በተቋቋመው ድርጅት ድጋፍ በኢትዮጵያ፣ በሱዳንና በኬንያ ሙከራ ጀመሩ፤ የእኛ ማዕከላት ጎንደርና አርባ ምንጭ ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ በመሪ ጸሐፊነት በ2010 ያሳተሙት ውጤት ቀዝቃዛ ውሃ የሚቸልስ ነበር። በሕንድ የሠራው መጠን እዚህ የፈወሰው 63.8 በመቶ ብቻ ነው፤ የድሮው መርፌ ግን 92.2 በመቶ። በሱዳን ማዕከላትማ ከግማሽ በታች ወረደ። አንድ መድኃኒት፣ አንድ በሽታ፣ አንድ የተሕዋሲ ዝርያ፤ ቦታው ሲለወጥ ግን ውጤቱ ተለወጠ። ያለ ሙከራ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ከሦስት ሰው አንዱ ድኗል ተብሎ ወደ ቤቱ ተሸኝቶ በሽታው ይመለስበት ነበር።

ከዚያ ምን አደረጉ? መድኃኒቱን አልጣሉትም። መጠኑን ከፍ አደረጉ፤ መጠነኛ መሻሻል ታየ። የሠራው ሌላው ሐሳብ ነው። ፓሮሞማይሲንን ከድሮው መርፌ ጋር አቀናጅተው ለ17 ቀን ሰጡ፤ 91.4 በመቶ ዳነ፤ መርፌው ብቻውን ለ30 ቀን ሲሰጥ ከሚያድነው ጋር የሚተካከል ነው። የ13 ቀን ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ከቤቱ ርቆ በመጣ የቀን ሠራተኛ ዘንድ ግን የ13 ቀን ደመወዝ፣ የ13 ቀን የአስታማሚ ምግብ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ለሌላ በሽተኛ የሚለቀቅ አልጋ ነው። በኋላ ደግሞ ፓሮሞማይሲን ሚልቴፎሲን ከሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ጋር ተቀናጅቶ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ ተሞከረ፤ 14 ቀን ይፈጃል፣ መርዛማውን መርፌም ያስቀራል።  እንከን አለው፤ ፓሮሞማይሲን አሁንም በየቀኑ የሚወጋ ነው፣ ያማል፣ አንዳንዴ ጆሮ ያደክማል፤ ሚልቴፎሲን ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

እነዚህን ታሪኮች አንድ ላይ ሳያቸው አንድ ነገር ይታየኛል። ያረጀ መድኃኒት አስቀድሞ የሚያስገኝልን እውቀት «ሰውን እንዴት ይጎዳል?» የሚለውን ብቻ ነው። ስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ቀን፣ ለማን፣ የት የሚለው ሁሉ ከመጀመሪያ ይጠየቃል። ለተስቦ ጥቂት ቀን የሚበቃው ዶክሲሳይክሊን ለትል 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ ቢሃር ላይ የሠራው የፓሮሞማይሲን መጠን ሱዳን ላይ አልበቃም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደግሞ የመድኃኒት ኩባንያ አይጠይቅልንም፤ የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ርካሽ ካፕሱል ማን ያተርፋል? የሚጠይቁት በሕዝብ ገንዘብ የሚደጎሙ ተቋማትና በሽታው ባለበት አካባቢ ያሉ ሐኪሞች ናቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ያለው ለዚህ ነው። በሽታው ያለበት ቦታ ላይ ካልተፈተነ የሌላ አገር ውጤት ለእኛ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ለአንባቢም አንድ ቃል። ይህን አንብቦ ለሚያሳክክ ቆዳ ወይም ለማይበርድ ትኩሳት ከመድኃኒት ቤት ዶክሲሳይክሊን የሚገዛ ሰው ገንዘቡንም ጤናውንም ይጎዳል፤ የተጻፈው መጠን በምርመራ ለተለየ በሽታ፣ በሐኪም ክትትል ሥር የተሰጠ ነው። የሜክቲዛን አዳይ በር ሲያንኳኳ ግን ይውሰዱ፤ ባያሳክክዎትም ይውሰዱ። ከሁመራ፣ ከመተማ ወይም ከሌላ ቆላ ሥራ ተመልሶ ትኩሳቱ 2 ሳምንት ያለፈ፣ ሆዱ በግራ በኩል ያበጠ፣ የከሳ ዘመድ ካለዎት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱትና ለሐኪሙ የት ሲሠራ እንደቆየ አስቀድመው ይንገሩት። ለካላዛር ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ፍንጭ የሚሰጥ ምርመራ አለ፤ ሐኪሙ እንዲያስብበት ግን የመጣበትን ቦታ ማወቅ አለበት።